ለቋሚ ሠራተኛ ልጆች ብቻ

ልጄ ክርስትና የተነሣችው በሰማንያ ቀኗ ነው። በዘጠናኛው ቀን እኔ ሥራ ገባሁ። የወሊድ ፈቃዴ ያለቀው ለክርስትናው የተዋስነው ዕቃ ለየጎረቤቱ ተመልሶ ሳያልቅ ነበር።

የምሠራው ሰቆጣ ከተማ፣ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ማህደር ክፍል ነው። ደብዳቤ ሲገባ ቁጥር ሰጥቼ ለሚመለከተው አደርሳለሁ፣ ሲወጣ ቁጥር ሰጥቼ እልካለሁ፣ የቀረውን አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ምድቡ አበርገሌ። በዚያ መንገድ በወር አንዴ ከመጣ ተመስገን ነው። እናቴ ሰቆጣ ዙሪያ ገጠር ናት። ስታረስ መጥታ እስከ ክርስትናው ቆየች፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻለችም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከብቱም ማሳውም በእሷ እጅ ነው። ልትሄድ ስትል ልጄን አቅፋ በኽምጣና ረጅም ምርቃት መረቀቻት። ወደ እኔ ስትዞር ግን ቋንቋዋን ቀየረች። ቁም ነገር ስትጠይቀኝ በአማርኛ ነው፤ ቢሮ የገባሁ ልጇ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

"ማን ይይዝልሻል?" አለችኝ።

"ሰው አለኝ" አልኳት።

ሰው ያልኩት የአክስቴን ልጅ ነበር። ባሏን ፈትታ እናቷ ቤት የተቀመጠች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። መጥታ ልጄን ያዘችልኝ፤ እኔም እፎይ ብዬ ሠራሁ። ይኼ የቆየው ሁለት ወር ብቻ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለችና፣ "ወልድያ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። ዐረብ አገር ልሄድ ነው" አለችኝ።

"እዚያ ሄደሽ ምን ልትሠሪ?" አልኳት፤ መልሱን እያወቅሁ።

"ልጅ ላሳድግ ነዋ።"

"እዚህስ ልጅ እያሳደግሽ አይደል?"

"እዚህ ዘመድ ነኝ" አለች። "እዚያ ሠራተኛ እባላለሁ።"

የምሰጣት የኪስ ገንዘብ ደመወዝ የሚባል እንዳልሆነ እሷም እኔም እናውቃለን። ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና እጇን ወደ እሷ ትዘረጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አንዲት ጎረቤቴ ያዘችልኝ። በአራተኛው ቀን እሷም ለቅሶ ሄደች። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ልጄን አዝዬ ቢሮ ገባሁ። ማህደር ክፍላችን ከጦርነቱ በኋላ ገና አልተስተካከለም፤ መደርደሪያው ጎዶሎ ነው፣ ተበትኖ የተሰበሰበው ወረቀት ዛሬም በጆንያ ነው ያለው። ሁለት መደርደሪያ መካከል ትልቅ የወረቀት ካርቶን አስቀመጥኩ፣ ጋቢ አነጠፍኩበት፣ አጥብቼ አስተኛኋት። እስከ አራት ሰዓት ማንም አላወቀም። አራት ሰዓት ላይ ኃላፊያችን ራሳቸው ማህደር ፍለጋ ገቡ፤ እሷም ልክ ያኔ ነቃች።

"ይኼ ድምፅ ምንድን ነው?" አሉ።

"ልጄ ናት።"

ጎንበስ ብለው አዩዋት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የስድስት ልጆች አባት ናቸው። "ስንት ወሯ ነው?" አሉ።

"አምስት ወሯ።"

"ታድላ! ታምራለች።" ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ቢሆንም ይኼ መሥሪያ ቤት ነው። ባለጉዳይ ይገባል፣ ይወጣል። እስከ ዓርብ መላ ፈልጊ።"

"ምን መላ አለኝ ብለው ነው?"

"እናቶቻችን እኮ ልጅ አዝለው ሲያጭዱ ነው የኖሩት። እናንተ የተማራችሁት ነው የሚከብዳችሁ።"

እናቴን እኮ አዝለሽ አትጨጂ ያላት የለም፤ እኔን ግን እርስዎ አዝለሽ አትግቢ እያሉኝ ነው፣ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያልኩት "እሺ" ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያ "እሺ" ሲቆጨኝ አደረ።

ነገሩን ያስታወስኩት በማግሥቱ፣ ካርቶኑን በእግሬ እያወዛወዝኩ ሳለሁ ነው። ሳላገባ፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ስለ ሕፃናት ማቆያ የሚል ደብዳቤ በእጄ አልፏል። ርእሱን ብቻ አንብቤ ቁጥር ሰጥቼው ነበር። ያኔ ልጅ የሌላት ሴት ምን አገባት? ከጆንያ ጆንያ ስገለብጥ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ኅዳር ላይ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ ሥራ የገባሁ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልደከመኝም። በመጨረሻ አገኘሁት፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ ጽሑፉ ግን ደኅና ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኞቹ ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁም ያዛል። ደጋግሜ አነበብኩት። "ያቋቁማል" ነው የሚለው። "ሊያቋቁም ይችላል" አይልም።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ሰው ሀብት ባለሙያው ሮጥኩ። እኩያዬ ነው፣ አብረን ነው የተቀጠርነው። አነበበና ፈገግ አለ።

"ይኼን ከየት አወጣሽው?"

"ከጆንያ።"

"ልክ ነሽ። ሕጉ ትክክል ነው። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው።"

"አፈጻጸሙ የማን ነው?"

"የሁላችንም" አለና ወረቀቱን መለሰልኝ።

በመሥሪያ ቤታችን ሕፃን ያለን እናቶች አምስት ነበርን። ማመልከቻ ጻፍን፣ ሁላችንም ፈረምን። እኔው ቁጥር ሰጥቼ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ "ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ በቀጣይ የሚታይ ይሆናል" ይላል። እሱንም ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለራሴ የተጻፈ እምቢታ መዝግቤ ለራሴ አስረከብኩ።

በነዚያ ሳምንታት ልጄ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ስትዘዋወር ሰነበተች። አንድ ሰሞን አንዲት አሮጊት ጎረቤት ዘንድ፣ አንድ ሰሞን የባለቤቴ እኅት ዘንድ። ምሳ ሰዓት ሮጬ አጠባታለሁ፣ ሮጬ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ጡቴ እየፈሰሰ ሸሚዜን ያርሰዋል፤ ባለጉዳይ ፊት ፋይል ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር የምቆመው። እናቴ በስልክ ስትጠይቀኝ ሕጉን ነገርኳት። ከልቤ ነበር የነገርኳት፤ መንግሥት ማቆያ እንዲሠራ ታዟል አልኳት።

"ታዲያ የታለ?" አለች።

"ይሠራል ተብሏል።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለችኝ።

መጋቢት ሲገባ ግን ነገሩ ባንዴ ተገለባበጠ። ከክልል የሱፐርቪዥን ቡድን እየመጣ ነው ተባለ። የሚያረጋግጡት ነገር ዝርዝር ቀድሞ ደረሰን፤ ከመሃሉ አንዱ "ሕፃናት ማቆያ ተቋቁሟል ወይስ አልተቋቋመም" የሚል ነው። በጠየቅን ቁጥር "የለም" ሲባል የቆየው ክፍል በሁለት ቀን ተገኘ። ከጓሮ በኩል የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ጎማ የታጨቀበት ክፍል ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻዋን አወጣችው፣ ጠረገችው፣ ወለሉን በአሸዋ ፈትጋ አጠበችው። ያን ጊዜ ከተማው ውኃ ስላልነበረው በጄሪካን እየተሸከመች ነው። ግድግዳው ቢጫ ተቀባ። ከአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ትናንሽ ፍራሾች፣ ምንጣፍና ዘንቢል ሙሉ መጫወቻ ተዋሱ። በሩ ላይ "ሕፃናት ማቆያ" ተብሎ ተጻፈ።

ቡድኑ በሚመጣበት ጠዋት የሰው ሀብት ባለሙያው ወደ እኔ መጥቶ፣ "ልጅሽን ይዘሻት ግቢ" አለኝ። እስከ ዓርብ አስወጪ የተባለችው ልጅ ዛሬ ተፈለገች። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። ነጭ ቀሚሷን አለበስኳት። ከአምስቱ እናቶች ሦስታችን ልጆቻችንን ይዘን ገባን። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ሲያንቀሳቅሱት የሚንኳኳ ቀይ መጫወቻ አግኝታ፣ እያንኳኳች ትስቃለች። እንግዶቹ ገቡ፣ ፎቶ አነሱ። አንዲት ሴት ከመካከላቸው ጎንበስ ብላ፣ "እናቶች፣ እንዴት ነው? ተመቻችሁ?" ብላ ጠየቀችን።

ኃላፊያችን ከኋላዋ ቆመው ያዩኛል። የሰው ሀብት ባለሙያው ያየኛል። ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፍተዋል። "ትናንት ነው የተሠራው፣ ዕቃውም የሰው ነው" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ "እናመሰግናለን፣ ጥሩ ነው" አልኩ። ይኼን ካልኩ ይተዉልናል ብዬ አሰብኩ። ፈርቼም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን ይዤ ወደ ማቆያው ሄድኩ። ገና አስቀምጫት ቀና ሳልል ባጃጅ ግቢ ገባ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ የተላከ ሰውዬ ወረደ፤ ፍራሾቹን ጠቅልሎ ጫነ፣ ምንጣፉን "አንሺልኝማ" ብሎ ከሥሯ ሳበው፣ መጫወቻዎቹን በዘንቢሉ ሰበሰበ። ዝርዝር ይዟል። አንድ ጎደለው። ዙሪያውን ሲያይ ቀዩን መጫወቻ ልጄ እጅ ላይ አገኘው።

"ይቅርታ እቴ፣ ተቆጥሮ ነው የተሰጠ" አለኝ።

እኔ ከእጇ እንድቀበላት ጠበቀ። አልቻልኩም። ራሱ ጎንበስ ብሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃት። እሱም እያፈረ ነበር። ለቅሶዋ እስከ ኃላፊው ቢሮ ይሰማል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት እውነት ነው፤ ግን ይኼን ለሰባት ወር ልጅ ማን ያስረዳታል?

ልጄን እንዳቀፍኳት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ሳላንኳኳ የገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ዕቃው ተወሰደ" አልኳቸው።

"የውሰት ነበር። በቀጣይ በጀት ይገዛል።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያማ ክፍሉ አለ።"

"ባዶ ክፍል ምን ያደርግልናል? ትናንት ለእንግዶቹ ያሳዩት ባዶ ክፍል ነው?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ስሚ፣ ትናንት ጥሩ ነው ያልሽው አንች ነሽ። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈውም የአንች ቃል ነው። አሁን ምን ላድርግልሽ?"

እዚህ ላይ ያሸነፉኝ በእውነት ነው፤ ለዚህም ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ወጥቼ ማህደር ክፍል ገባሁና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን እንደያዘች ገብታ አየችኝ፤ ልጄን ከእጄ ተቀብላ ውጭ ይዛት ወጣች።

እናቶቹ ተሰብስበን በራሳችን ለመጀመር ተስማማን። አንዷ ፍራሽ አመጣች፣ አንዷ ሰሌን፣ እኔ ጄሪካንና መታጠቢያ ሳፋ። የቀረው የሚይዛቸው ሰው ነው። የሰው ሀብት ባለሙያው መዋቅሩን አውጥቶ አሳየን፤ የሞግዚት መደብ የሚባል የለም። መደብ ከሌለ ቅጥር የለም። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ፣ "የጽዳት ሠራተኛዋ ደርባ ትሥራ" አለ። ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ገብታ ቢሮዎቹን ታጸዳለች፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሕፃናቱን ትይዛለች። ደመወዟ ያው። ይስማማት እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም። ልጄን የሚይዝልኝ ተገኘ ብዬ እግዜርን ሳመሰግን ሰነበትኩ።

ከፋሲካ በኋላ ተጀመረ። እውነት ለመናገር እነዚያ ሁለት ወራት ከወለድኩ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሰላማዊ ወራት ነበሩ። በሦስት ሰዓት እወርድና አጠባታለሁ፣ በስድስት ሰዓት እወርዳለሁ፣ በዘጠኝ ሰዓት እወርዳለሁ። ሸሚዜ አይርስም። ቁጥር አላሳስትም። አንዳንዴ ከመስኮት ሆኜ የጽዳት ሠራተኛዋ አንዱን አዝላ፣ ሌላውን አቅፋ፣ ሦስተኛውን በእግሯ እያጫወተች ስትዘፍንላቸው እሰማለሁ። የምትዘፍነው በኽምጣና ነው፤ እናቴ የምትለውን ዓይነት።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ስገባ ልጄ ወደ እኔ አልመጣችም። በጽዳት ሠራተኛዋ ቀሚስ ተንጠልጥላ ቆማ፣ ቀና ብላ እያየቻት "እማ" አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ቅናት ይሁን ምን እንጃ፣ እጄን ዘርግቼ ጠራኋት። የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ምንም። የኔው ልጅ ነው ትዝ ያለኝ።"

ልጅ እንዳላት አላውቅም ነበር። በየቀኑ ልጄን እያስረከብኳት፣ ልጅ እንዳላት አልጠየቅኋትም።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሁለት ሞላው።"

"ማን ጋ ነው የሚውለው?"

ልጄን እያሻሸች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። አባቱ ለሥራ ሁመራ እንደሄደ ቀርቷል። ጠዋት በዐሥራ አንድ ተኩል አብልታው፣ በር ቆልፋበት ትመጣለች። ምድጃው ጋ እንዳይደርስ ወገቡን በመቀነት ከአልጋው እግር ጋር ታስረዋለች። ቆሎና ውኃ አጠገቡ ታስቀምጣለች። ጎረቤት ያለች ሴትዮ በበሩ ቀዳዳ እያየች አንዳንዴ ታናግረዋለች።

"ድሮ ጽዳት ብቻ ሳለሁ በአራት ሰዓት ጨርሼ እሄድለት ነበር" አለች። "አሁን ግን እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው።"

ይኼን ስትል ልትወቅሰኝ ብላ አልነበረም። ሰዓቱን መንገሯ ነበር።

ወዲያው ወደ ሰው ሀብት ባለሙያው ሄድኩ። "ልጇን ይዛ ትምጣ፤ ማቆያው እኮ እሷ ናት የምትይዘው" አልኩት።

"አይሆንም። እሷ ኮንትራት ናት። ማቆያው ለመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ ልጆች ነው።"

"የት ነው እንደዚያ የሚለው?"

"የአንችን ደብዳቤ አንብቢው እስቲ። ሴት ሠራተኞች ይላል፤ ሠራተኛ ማለት ደግሞ በሕጉ ትርጉም ቋሚ ነው። ለአንዷ ብንፈቅድ ነገ ጥበቃው አምጥቶ ያስገባል፣ ተነገ ወዲያ ሻይ ቤቷ።"

"ቢያስገቡስ?"

"እኔ በመመሪያ ነው የምሠራ" አለ።

እናቶቹን ሰበሰብኩ። እንደኔ ይናደዳሉ ብዬ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ፣ ሁለት ልጅ በዚሁ ችግር ያሳደገች ሴት፣ እጄን ይዛ፣ "ተይ እባክሽ" አለችኝ። "ይኼን ነገር አትነካኪው። ያለችንንም ክፍል ይዘጉብናል።" ሌሎቹ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ወርጄ ልጄን አጠባሁ፣ በየቀኑ መቀነቱን አሰብኩ፣ በየቀኑ ዝም አልኩ። ከሰው ሁሉ ይልቅ በራሴ የተናደድኩት በዚያን ጊዜ ነው።

ሰኔ ሲገባ አንድ ጠዋት፣ "ነገ ይዘሽው ነይ" አልኳት።

"ቢያባርሩኝስ?"

"እኔ ነኝ ያልኩሽ። እኔ እመልሳለሁ።"

አመጣችው። አጭር፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከግድግዳው ሥር አልተነሣም፤ ማንም ሳያስረው ታስሮ ነው የዋለው። በሦስተኛው ቀን ከልጄ ጋር ሳፋ ሲደበድቡ አየኋቸው። አምስት ቀን እንዲህ አለፈ። በስድስተኛው ቀን የሰው ሀብት ባለሙያው ገብቶ ልጆቹን ቆጠረ።

መልስ እሰጣለሁ ያልኩት እኔ መልሴን ሰጠሁ። ጮኼ ተናገርኩ፣ ኃላፊው ፊትም ተናገርኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ፈረምኩ። ለእኔ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ለእሷ ደግሞ የተሰጣት ነገር የለም። ሰኔ ሠላሳ ኮንትራቷ አለቀ፤ አልታደሰም። ማንም አላባረራትም፣ ማንም አልተቆጣትም። ውሉ አልቋል፣ በቃ። ደብዳቤውን ቁጥር ሰጥቼ እንድሰጣት ወደ እኔ ተመራ። ያን ቀን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሌላ ሰው ሰጣት።

ያለ እሷ ማቆያው አልቆየም። አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ ደርባ ለመሥራት እምቢ አለች፤ ደግ አደረገች። ክረምቱ ሳይወጣ ክፍሉ የማዳበሪያ ጆንያ ተደረደረበት። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አልተነሣም፤ በሚቀጥለው ሪፖርትም ላይ "ተቋቁሟል" ተብሎ ነበር።

እኔ ልጄን ጡት አስጥዬ ገጠር እናቴ ጋ ላክኋት። ዓመት ከመንፈቅ እዚያ ኖረች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ፤ ዝናብ ሲሆን ወንዙ ስለሚሞላ ሳልሄድ የምቀርበት ጊዜም ነበር። ወደ ከተማ ስመልሳት ውኃ የምትጠይቀኝ በኽምጣና ነው። ሌሊት ስትባንን የምትጠራው አያቷን ነው። አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ አልጋዬ ውስጥ ካልገባች አትተኛም፤ ጠዋት ልወጣ ስል "ትመለሻለሽ?" ብላ ትጠይቀኛለች። በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

የጽዳት ሠራተኛዋን ለረጅም ጊዜ አላየኋትም። አንድ ሁለቴ ከሩቅ አይቼ መንገድ ቀይሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ግን የገበያ ቀን ሽንኩርት ስመርጥ ከጎኔ ቆማ አገኘኋት። መሸሻ አልነበረኝም።

"ደኅና ነሽ?" አለችኝ፤ ሳመችኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ።

"እኔ ነኝ ያስባረርኩሽ" አልኳት።

"ተይ እንግዲህ" አለች። "አምስቱን ቀን ልጄ ከልጅ ጋር ዋለ። ሰኔ ሠላሳ እንደሁ የማይቀር ነበር።" ከዚያ ክንዴን ይዛ፣ "ነይ ቤቴን ላሳይሽ" አለችኝ።

አንድ ክፍል ናት። ወለሉ ላይ ሰሌን ተዘርግቷል፤ ሰባት ሕፃናት አሉበት። የአስተማሪ፣ የነጋዴ፣ የነርስ ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው ጠዋት ያመጧቸዋል፣ የሚችሉትን ይከፍሏታል። አንዲት ዘመዷ ታግዛታለች። ምድጃው ውጭ ወጥቷል። የእሷ ልጅ ተማሪ ሆኗል፤ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ትንንሾቹ እየተንከባለሉ ይቀበሉታል። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አንድ ሰዓት አልሞላውም፤ ከትራሷ ሥር አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። "አንች ታውቂያለሽ፣ አንብቢልኝ" አለችኝ።

ማስጠንቀቂያ ነው። ያለ ፈቃድ ሕፃናት ማቆያ መክፈት እንደማይቻል፣ ክፍሉ ምን ያህል መሆን እንዳለበት፣ ለሕፃናት የተለየ መጸዳጃ፣ የሠለጠነች ሞግዚት ማስረጃ፣ የተለየ ማብሰያ። ቁጭ ብዬ መስፈርቱን አንድ በአንድ አነበብኩላት። አንዱም ክፉ አይደለም። ስለ ልጄ ብጠየቅ እኔም ይኼንኑ ነበር የምጠይቅ። ግን ያንን ሕግ ያየሁት ገና ያን ቀን ነው፤ በሯ ላይ ቁልፍ ሲንጠለጠል፣ ልጇ በመቀነት ታስሮ ሲውል፣ ይኼ ሕግ የት ነበር? ለእኔ "ያቋቁማል" ብሎ ሳያቋቁም ቀረ፤ ለእሷ "አትችይም" ሲል ግን እቤቷ ድረስ መጣ።

"ወረቀቱን ማን ሰጠሽ?" አልኳት።

"ቀበሌ የምትሠራዋ ልጅ። እሷም ከሳምንት በኋላ የራሷን ልጅ አምጥታለች። ያቻት፣ ጥጉ ጋ የተኛችው።"

ሳቅን። ለረጅም ጊዜ ሳቅን፤ ሕፃናቱም እኛን አይተው ሳቁ። ከዚያ ማመልከቻ ልጽፍላት ብዕር አወጣሁ።

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ልጆቹን አትበትኑብኝ ብለሽ ጻፊ።"

"እንደዚያ አይጻፍም። መስፈርቱን እስካሟላ ጊዜ ይሰጠኝ ነው የሚባለው።"

"ጊዜ ቢሰጡኝ ምን አደርገዋለሁ? ክፍሉ አያድግ። ቤት ይስጡኝ በያቸው። ሠልጥኝ ካሉም ያሠልጥኑኝ፤ እምቢ አላልኩ።"

እንዳለችው ጻፍኩ። ከቢሮ ቋንቋ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ማስጠንቀቂያውን ወደ ጻፈው ቢሮ አብረን ወስደን አስገባን፤ የተቀበለን ሰው ቁጥር ሰጠው፣ ቅጂውን መለሰልን።

ይኸው ስምንት ወር ሆነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። ሁለተኛ ስሄድ ደግሞ ያ የተቀበለን ሰው መዝገቡን ገልጦ አየና፣ "ይታያል" አለኝ። እሷ በየጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሯን ትከፍታለች። ባለፈው ሳምንት ሳያት ስምንተኛ ልጅ ተጨምሯል፤ የመሥሪያ ቤታችን የአዲሷ ጸሐፊ ልጅ ነው። እናትየዋን ወደዚያ የመራኋት እኔ ነኝ።